ትሕትናዬን ያቃናችብኝ ልጅ

በእኛ ሰፈር እኔን በተመለከተ ሁለት ሰው ተከራክሮ አያውቅም። ትሑት ነው ይላሉ፤ አበቃ። «አንገቱን ደፍቶ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሰው» ነው ስሜ። አንዷ ጎረቤታችንማ ልጆቿ ባስቸገሯት ቁጥር መስኮቱ ጋ አቁማ እኔን ታሳያቸዋለች አሉ። «እዩት! በዚህ ዕድሜው እንኳ ቀና ብሎ ሰው አያይም!» ትላቸዋለች። እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ በትሕትናዬ እኮራ ነበር። በትሕትና መኩራት ይቻላል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ይቻላል፤ ኖሬበታለሁ።

ቀና ብዬ ሰው የማላየው ስለማልችል መሆኑን ግን የጠየቀ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ሰዓት ሠሪ ነበርኩ። ሰው ሰዓት ማሰር ሲተው ወደ ሞባይል ዞርኩ። ሁለቱም ሥራ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ከጤፍ ያነሰች ብሎን መፈለግ። ይቺን ላግኝና ቀና እላለሁ እያልኩ እደፋለሁ፤ ብሎን ደግሞ አታልቅም። ሲውል ሲያድር አንገቴ ወደ ፊት ሄደ። ትከሻዬ ተከተለው። ጀርባዬም ሁለቱን ብቻቸውን መላክ የከበደው ይመስል አብሯቸው ሄደ። የእኩዮቼ ሆድ ቀድሟቸው ቤት ሲገባ እኔን ግንባሬ ይቀድመኝ ጀመር።

ከሰማይ ጋር ከተለያየን ቆየን። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ አልናፈቀኝም። ሰውን የማውቀው በጫማው ነበር። ሲራመድ ደንበኛዬ መሆኑን፣ ሲቆም ሥራው አልደረሰም ብሎ ሊቆጣ መሆኑን ከጫማው አነባለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ አስቴር አዲስ ጫማ አድርጋ ስትመጣ መንገድ ላይ አለፍኳት። «ለአገሩ ሁሉ እጅ እየነሣህ እኔን ዘለልከኝ!» ብላ ስንት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ደግሞ ማንን እንደዘለልኩ ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ።

የዚህ ሁሉ ትርፍ ግን ሽምግልና ላይ ነበር። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ወጉን ያውቃል። ግቡ ሲሉት ይገባል፤ ተቀመጡ ሲሉት ግን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይለምናል። የልጅቱ አባት ልቡ ሲራራ ነው «በሉ ተቀመጡ» የሚለው፤ ከተቀመጡ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እንግዲህ ሌላው ሽማግሌ ለዚያች ሰዓት ብሎ ጎንበስ ይላል፤ ይደክመዋል፤ ሳያስበው ቀና ይላል። እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነው የምሄደው። በዚህ ምክንያት በሰፈራችን ልጅ ሲጠየቅ ያለ እኔ የሚሄድ የለም። ስንቱን ድሬያለሁ! ከዳርኳቸው ሙሽሮች የአንዳቸውንም መልክ ግን አላውቅም።

በኋላ ተራው የራሴው ቤት ደረሰ። ናቲ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ካረፈች ወዲህ እኛ ዘንድ ነው ያደገው፤ ልጄ ነው ብል እሱም አይቃወመኝም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ክፍል ኃላፊ ነው። እዚያው የምትሠራ ሜሮን የምትባል የቢሾፍቱ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። «አባቴ እሺ ሳይል ግን አላገባም» አለች። አባቷ ሻምበል ደጉ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከዚህ በፊት ለልጃቸው የመጡ ሽማግሌዎችን፣ አንዱ እየለመነ ስልኩን አየ ብለው ከነጓዶቹ አስወጥተዋቸዋል አሉ። ሁለተኛ ዕድል የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ሦስት ሆነን ሄድን። መሪያችን ኦቦ ለማ ናቸው፤ የሰፈራችን አዛውንት፣ አንደበተ ርቱዕ። ሦስተኛው ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ በሽምግልና ላይ ከማሳል በቀር ተናግረው አያውቁም። ግን ሳላቸው ከባድ ስለሆነ ለክብር ይጠራሉ።

ቢሾፍቱ ምን እንደምትመስል አልነግራችሁም፤ ያየሁት አስፋልቷንና የጋሪ ፈረስ ሰኮና ነው። የሻምበልን ቤት ግን በደንብ አየሁት። አንበሳ የተሳለበት ምንጣፍ አላቸው። ጥቁር፣ በቀለም ያበደ ጫማ ፊቴ መጥቶ ቆመ፤ ለጫማው ተናገርኩ። ኦቦ ለማ ከጨረሱ በኋላ ከላይ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«እኚህ ሰው ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። እንዲህ ያለ ጨዋ ያሳደገው ልጅ ክፉ አይወጣውም። ከቤተሰብ እንመክራለን፤ ፋሲካን ውላችሁ ተመለሱ። እኚህ ሰውዬ ግን እንዳይቀሩ!»

ኦቦ ለማ መንገዱን ሙሉ ትከሻዬን እየመቱ መጡ። ናቲ በር ላይ ሲጠብቀን አገኘነው። «አንተ ነህ ያስጨረስክልኝ አባዬ» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባዬ ያለኝ ያን ቀን ነበር። እኔ ግን ያቀፈኝ ማን እንደሆነ ለማረጋገጥ ጫማውን እያየሁ ነበር።

አሁን ወደ መከራዬ ልግባ። በጾሙ አጋማሽ ወደ ሱቄ ስሄድ ከአንድ ሰው ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨሁ። «ይቅርታ ጌታዬ» አልኩ። መልስ የለም። ጫማውን ብፈልግ ጫማ የለውም። ግር ብሎኝ «ኧረ ይቅር ይበሉኝ» ስል ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ፤ የተጋጨሁት ከመብራት እንጨት ጋር ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንገቴ ተቆለፈ። መደፋቱ ሳያንስ ወደ ግራም ዞረ። አሁን ሰውን ሁሉ የማየው በአንድ በኩል ባለው ጫማው ሆነ።

ሰፈሩ መከረ። ወጌሻ ያለ አለ፣ ጠበል ያለ አለ፣ በቅቤ ይታሽ ያለም አለ። አስቴር ግን ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ አጥንቴን ወደ ብርሃን ይዞ አየና «አጥንትህ ደህና ነው፤ ሥጋህ ነው የተሳሰረው» ብሎ ፊዚዮቴራፒ ወደተማረች፣ ሃዊ ወደምትባል የባቱ ከተማ ልጅ ላከኝ። የተሳሰረ ሥጋ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «እሷ ታስረዳሃለች» አለኝ። ግራ መጋባቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«አካም ጂርቱ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ ሃዊ። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች፤ ጥሩ ልጅ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«አንገቴን።»

«ጫማዎን ያውልቁ።»

አወለቅኩ። «እስቲ ወዲያና ወዲህ ይሂዱልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። «ይመለሱ።» ተመለስኩ። በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው በሬ የሚያስረግጠውን ያህል አስረገጠችኝ። ጥርሴን ታያለች ብዬ አፌን ልከፍት ስል ለፊት ቀዳዳ ያለው አልጋ ላይ በሆዴ አስተኛችኝ። በቀዳዳው ወለሉ ታየኝ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ የግራ እግሬን ያዘች።

«ልጄ፣ አንገቴ እኮ ከላይ በኩል ነው ያለው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

«ሥጋ ቤት ሄደው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ጾም ነው» አልኳት።

«ሲፈታ ይሂዱና ሥጋው ላይ ያለውን ስስ ነጭ ሽፋን ይዩት። ጡንቻን ሁሉ የሚያለብሰው፣ አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው እሱ ነው። ከእግር ጣትዎ እስከ ራስ ቅልዎ የተያያዘ ነው። ሰው በአንድ ሁኔታ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ይያዛል፤ ጡንቻው ልንቀሳቀስ ቢል አያስኬደውም።» ይህን ብላ የሸሚዜን ጫፍ ከወገቤ በታች ሳብ አደረገችው። ኮሌታዬ አንገቴን አነቀኝ። «አዩ? የያዝኩት ታች ነው፤ የታነቁት ላይ ነው።»

ስለ ሸሚዙ ገባኝ። ስለ እግሬ ግን አልገባኝም። እግሬ ሸሚዝ ለብሶ አያውቅም።

ወጌሻ የሚያሽ አሽቶ የሚያስጮህ ነው፤ ካልጮህክ አልሠራም ብሎ ይቀየምሃል። ይቺ ልጅ ቅቤም ዘይትም የላትም። በጉልበትም አታሽም። ክንዷን ውስጥ እግሬ ላይ ታሳርፍና ዝም ትላለች። የረሳችኝ መስሎኝ ሳል ሳል አልኩ። «ይተንፍሱ» አለችኝ። ተነፈስኩ። ያኔ ከክንዷ ስር የሆነ ነገር፣ የረጋ ማር ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚሄደው፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ከእግሬ ወደ ባቴ፣ ከባቴ ወደ ዳሌዬ፣ ከዚያ ወደ ጎኔ ወጣች። ብብቴ ስር ስትደርስ ኩርኩር ብሎኝ እንደ ሕፃን ሳቅኩ። አንገቴን የነካችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም እግረ መንገዷን።

ቤት ስገባ አስቴር ጠበቀችኝ። «ምን አደረገችህ?»

«እግሬን ይዛ ዝም አለች።»

«እና ለዚህ ነው የሄድከው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ብዬ ልቆጣት ዞር አልኩ። ሁለታችንም ደነገጥን። ዞር ብያለሁ! አስቴር ወዲያና ወዲህ እያለች ብትፈትነኝ አንገቴ ተከተላት። ያመመኝ አንገቴ፣ የታሸው እግሬ፣ የዳነው ደግሞ አንገቴ። ያን ቀን ማሰብ አቆምኩ።

ተመላለስኩ። ሃዊ ጠረጴዛዬን ከፍ አስደረገችኝ። ብሎኗ ብትገኝም ባትገኝም በየመሐሉ ይነሡ፣ እጅዎን ወደ ላይ ይዘርጉ፣ ኳስ በውስጥ እግርዎ ያንከባልሉ አለችኝ። «እኔ አላቃናዎትም ጋሼ» ትለኛለች፤ «የተያዘውን አላላለሁ እንጂ፣ መንቀሳቀሱን የሚለምዱት እርስዎ ነዎት። እንደ አዲስ አይሆኑም፤ እንደተመቸዎት ነው የሚሆኑት።» እኔም ሞባይል ሊያሠራ የመጣው ሁሉ እያየ ኳስ አንከባልላለሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ ነጩን ሽፋን ለማየት ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሥጋ ቆራጩን «ነጩን አሳየኝ» ብለው ጮማ አመጣልኝ። «ይሄን አይደለም፤ ስሱን» አልኩት። አንድ ብልት ተቀብዬ ሽፋኑን በአንድ ጫፍ እየጎተትኩ ሌላው ጫፍ ይነቃነቅ እንደሆነ አጎንብሼ አያለሁ። እውነትም ይነቃነቃል! «ከዚህ ስጎትተው እዚያ ይሄዳል!» ብዬ ከኋላዬ ለተሰለፈው ሰው ጮኽኩለት። ሥጋ ቆራጩ ሥጋዬን አዋረድክ ብሎ ቢላውን አስቀመጠ። ሰልፈኛውም ሦስት አራት ሆኖ ወደሚቀጥለው ሥጋ ቤት ሄደ። ይቅርታ ጠይቄ፣ የማልፈልገውን ያህል ሥጋ ገዝቼ ወጣሁ።

ስወጣ ነው ልብ ያልኩት። እየተራመድኩ እጆቼ ይወዛወዛሉ። ለካ የሰው እጅ ሲሄድ ይወዛወዛል! ተራራ አየሁ። አዳማ ዙሪያዋን ተራራ እንዳላት ረስቼ ነበር። የሱቄን የላይኛውን መደርደሪያ ያለ በርጩማ ደረስኩበት፤ ዕድሜ ልኬን የማልነካው የበሩ ጉበን ግን ግንባሬን አለኝ። አስቴር «ሱሪህ አጠረ» አለችኝ። የጥንት ደንበኛዬ መጥቶ ሲያናግረኝ በድምፁ አወቅኩትና «አንተ፣ ጢም አለህ እንዴ?» አልኩት። ጢሙን ተላጭቶ የማያውቅ ሰው ነውና ምን ነካው ብሎኝ ሄደ። ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም።

ሰፈሩ ግን አልተደሰተም። መንገድ ላይ ሰላም ስል ሰው ፊቴን አይቶ ይቀዘቅዛል። «ምን አገኘ?» «ደረቱን ነፋ እኮ!» «ሎተሪ ወጥቶለታል፤ ግን አይናገርም» ይሉ ጀመር። ያቺ በእኔ ልጆቿን የምትመክረው ጎረቤት መጋረጃዋን ዘጋች። ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩት ስም በአንድ ጾም አለቀ። እኔ እኮ ያው ነኝ! አልተሳደብኩ፣ አልናቅኩ፤ የተነቀነቀው ሽፋኔ ነው። ይህን ለማን ታስረዳለህ?

ከሁሉ የባሰው የኦቦ ለማ መምጣት ነበር። ሱቄ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያ ረቢ! ምን ሆነሃል?»

«ዳንኩ እኮ ኦቦ ለማ!»

«ቅዳሜ ቢሾፍቱ ነን። ሻምበል እኚህ ሰውዬ እንዳይቀሩ ያሉትን ረሳኸው?»

«እመጣለሁ፤ ምን ችግር አለው?»

«የቱ ነው የሚመጣው? ያኛው ነው የተጠራው!» ሳያስቡት በእጃቸው ጎንበስ ያለ ሰው ሠሩልኝ። «በል እስከ ቅዳሜ ወደ ቦታህ ተመለስ።»

ዋል አደር ብሎ ፍርሃቱ ገባኝ። ናቲ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው አስቴር ነግራኛለች። ሻምበል አንዴ እንቢ ካሉ አለቀ፤ ሜሮንም አባቷን ጥሳ አትመጣም። ልጄ ያቺን ልጅ የሚያጣት እኔ ቀና በማለቴ ሊሆን ነው። ስለዚህ የሚያሳፍረኝን አደረግኩ። ሃዊ ጋ ሮጥኩ።

«መልሺልኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጉብጠቴን። ለቅዳሜ ብቻ። እሁድ ታቃኚኛለሽ።»

አልጋው ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ የመቆልመም ትምህርት አልተማርኩም! ደግሞ መጎንበስ ማን ከለከለዎት? ድሮ ቀና ማለት አይችሉም ነበር። አሁን ሲፈልጉ ይጎነብሳሉ፣ ሲፈልጉ ቀና ይላሉ። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።»

ምንም አልገባኝም። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት መጎንበስ ተለማመድኩ። ለካ ጎንበስ ማለት አላውቅም! ዕድሜዬን ሙሉ ጎንብሼ ኖርኩ እንጂ ጎንበስ ብዬ አላውቅም። አስቴር አይታ «ቁልፍ የጠፋው ሰው ትመስላለህ» አለችኝ።

ቅዳሜ ናቲ ሸሚዜን ራሱ ተኩሶ ሰጠኝ። ልቡ ቢሾፍቱ ስለነበር አንዱ እጅጌ ላይ ሁለት መስመር ወጥቶበታል።

ሻምበል ቤት ገባን። ፊት ለፊቴ የማላውቃቸው ፊቶች ተደርድረዋል። የማውቀው ምንጣፉን ብቻ ነው። ጥቁሩን ጫማ ብፈልግ ሁሉም ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ከመሐል ከፍ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጡ ወፍራም ሰው አየሁ። ሻምበል ማለት እኒህ ናቸው ብዬ ፊታቸው ሄጄ «ሻምበል፣ እንደምን ሰነበቱ?» አልኩ። ለካ የሜሮን አጎት ናቸው። ሻምበል ጥግ ላይ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አሉ። «ያ ትሑት ሰውዬ የት አሉ? እንዳይቀሩ ብዬ ነበር።»

«እሳቸው ናቸው ሻምበል» አሉ ኦቦ ለማ።

«አይደሉም። ያኛው አጭር ናቸው።»

«ታክመው ነው።»

«ቁመት ይታከማል?» ሻምበል ድምፃቸው ጠነከረ። «ከቤቴ ጎንብሶ የሄደ ሰው ደረቱን ገልብጦ አይመጣም። ይሄ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ሽማግሌ ቀይሮ የላከ ቤት ነገ ሙሽራ ቀይሮ ይልካል!»

ጋሽ ወርቁ አሳሉ። አልጠቀመንም። ኦቦ ለማም አፋቸው ተሳሰረ። እኔ ደግሞ እኔ መሆኔን በምን እንደማስረዳ ጠፋኝ። ሰው ራሱን በመልኩ ነው የሚያስረዳው፤ መልኬን ያየው የለም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እሳቸው እኔን ባያዩኝም እኔ ቤቱን አይቻለሁ፤ ከጉልበት በታች ያለውን።

«ሻምበል፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ያን ጊዜ የቆምኩት እዚህ ነው። ያደረጉት ጥቁር ጫማ ነበር፤ የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። ስንለምንዎት ክብደትዎን ሁሉ በግራ እግርዎ ላይ ጥለው ነበር። የአንበሳው አንድ ዓይን በፍም ተቃጥሎ ተበስቷል፤ ቀዳዳው እዚያ ከጠረጴዛው እግር ስር ነው፤ ግማሹ ብቻ ይታያል።»

የሻምበል ባለቤት ተነሥተው ጠረጴዛውን ገፋ አደረጉት።

«ደጉ! ምንጣፌን ማን ነው ያቃጠለው?»

ሻምበል ጣራ ጣራ አዩ። «ቆይ እሱን በኋላ…»

«ጠረጴዛውን እዚህ ያመጣኸው ለብርሃኑ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«በኋላ አልኩ እኮ!» ሻምበል ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ ብለው ቀረብ አሉኝ፤ እውነትም የቀኝ እግራቸውን ሳብ ያደርጉታል። «እሺ፤ እርስዎ ነዎት። እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ጊዜ የጎነበሱት ሊያከብሩኝ ነው ወይስ ስላመመዎት?»

ኦቦ ለማ በዓይናቸው «ዋሽ» አሉኝ። መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ሻምበልን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ መዋሸት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለጫማ ሲዋሽ ይቀላል።

«አሞኝ ነው» አልኩ።

«ስለዚህ እስከ ዛሬ ልጄን የለመነኝ ሰው የለም ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው። በሰፈሬ የዳርኳቸው ሁሉ ፊቴ ድቅን አሉብኝ፤ መልካቸውን ስለማላውቅ ጫማቸው ነው ድቅን ያለው። ለአንዱም ለምኜ አላውቅም። ቆሜ ነበር፤ በቃ። ዓይኔን ዝቅ አድርጌ የሸሚዜን እጅጌ አየሁ፤ ናቲ የሠራት ያቺ ሁለት መስመር አለች። ልጄ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ያያል። እናቱ ብትኖር እዚህ የምትቆመው እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ጎንበስ አልኩ። ማንም አልጎተተኝም፣ ምንም አላመመኝም። ከወገቤ ዝቅ፣ ከዚያም በጉልበቴ፣ እስከ አንበሳው ድረስ። ቀና ብሎ መቆም እየቻልኩ ነው ያጎነበስኩት፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። «ሻምበል» አልኩ፣ «ልጄን ልጅዎ ያድርጉልኝ። እለምንዎታለሁ።» ከዚያ ድሮ የማልችለውን አደረግኩ፤ እዚያው ጉልበቴ ላይ ሆኜ አንገቴን አንሥቼ ፊታቸውን አየሁ። ጠንካራ ፊት ነው።

እጃቸውን ዘርግተው አነሡኝ። ወገባቸውን አሟቸው መሰለኝ ሲያነሡኝ ፊታቸው ቅጭም አለ። ወደ ኦቦ ለማ፣ ወደ ጋሽ ወርቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ ወርቁ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። እኔ በበኩሌ ለካ እንዲህ ያለ ድምፅ አላቸው ብዬ ተገረምኩ። ከውስጥ ክፍል የሜሮን እልልታ ተሰማ፤ ልጅቱ ራሷ እልል ስትል ነውር ነው ብለው እናቷ ሊገሥጿት ገብተው አብረው እልል አሉ።

ስንወጣ ሻምበል እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። ሌሎቹ ቀደም እስኪሉ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያቺ ያከመችዎት ልጅ፣ ወገብም ታያለች?»

«ታያለች» አልኳቸው። «ግን የምትይዘው እግርዎን ነው።»

«የሚያመኝ እኮ ወገቤን ነው!»

«አውቃለሁ ሻምበል።»

«ታዲያ እግሬን ለምን?»

ሸሚዛቸውን ከታች ልስብላቸው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። «ዝም ብለው ይስጧት» አልኳቸው። «እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም።»